ራቱን በስንት ሰዓት ትሰጪዋለሽ?

ቢቸና፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለምፈራዎት አያቴ፣ ለእማሆይ ወለተ ኢየሱስ፤ ሞጣ።

የወንድምዎን ደጅ ጠርጌ፣ እጄን ታጥቤ፣ እርሳሴን በጥርሴ ቀርጬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የክረምቱ የጉልበት ሕመም ለቀቀዎት ወይ? እኔ ከአንድ የተቀደደ ጫማ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። ስምንተኛ ክፍል ገብቻለሁ። ከአርባ አንድ ተማሪ ሴቶቹ አምስት ነን። መምህሩ ስም ሲጠራ አምስታችንን በአንድ ትንፋሽ ይጠራናል፤ እስኪደርስብን እንዳናልቅበት ይመስላል።

አሁን ወደ መሪጌታ ገብረ ሕይወት ልምጣ። ሲልኩኝ፣ "ወንድሜ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ጨልሟል፤ ሂጂና አብሪለት" ብለውኝ ነበር። ቤቱስ በርቷል። እንዲያውም ሌሊቱን ሁሉ ነው የሚበራው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሪጌታ ራታቸውን በልተው፣ አመስግነው፣ ጠፍር አልጋቸው ላይ ጋደም ይላሉ። ትንሽ ያንኮራፋሉ። (የማኅሌት መሪ ማንኮራፋቱም በዜማ ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ያርፋል።) ስድስት ሰዓት ግድም ሲሆን ብድግ! ደረታቸውን ይይዛሉ፣ ያገሳሉ፣ ውሃ ይጎነጫሉ። የበሉት ሽሮ ኮምጥጦ እስከ ጉሮሯቸው የሚመጣ ይመስለኛል፤ ሎሚ እንደ መጠጠ ሰው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። እንደገና ጋደም ሲሉ ይብሳል። ስለዚህ ፋኖሱን ይለኩሱና ግድግዳ ተደግፈው፣ ዳዊት ዘርግተው ይቀመጣሉ። እኔም ከመደቤ ቀና ብዬ፣

"መሪጌታ፣ ምን ሆኑ?" እላለሁ።

"ትጋት ነው ልጄ። ተኚ።"

ትጋት! እማሆይ፣ ቃር ነው እኮ! ነገር ግን ሰፈሩ አምኗል። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ባለቤታቸው የሞቱባቸው እትዬ ፈንታነሽ፣ ልጃቸው ሕመምተኛ ነው፤ "የመሪጌታን ፋኖስ ሳይ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ለሁላችንም የሚለምን አለ እላለሁ" ይላሉ። ጠዋት ጠዋት የበራችንን መቃን ይሳለማሉ። እኔ ውስጥ ሆኜ ከንፈሬን እነክሳለሁ። የሚሳለሙት የሽሮን ደጅ ነው።

በርበሬያችን አልቋል፤ የእርስዎን፣ ያን የሚያንገበግበውን ይላኩልን። ሁለት ደብተርም ቢጨምሩበት አልቆጣም። የግራዝማች ፈረደ ሽማግሌዎች ለልጃቸው ሊጠይቁኝ ዛሬም ይመላለሳሉ ወይ? ልጁን አይቼዋለሁ፤ ከእሱና ከበሬዎቹ በሬዎቹ ይሻላሉ፤ እነሱ እንኳ አንዳንዴ ያጓራሉ። እባክዎን እስከ ሰኔው ፈተና በሩን ዘግተው ያቆዩልኝ።

የልጅ ልጅዎ ማናለሽ።


ሞጣ፣ ኅዳር ፭ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለልጄ ለማናለሽ።

የአባቶቻችን አምላክ ዓይንሽን ለመጽሐፍ ያብራልሽ፤ አፍሽን ደግሞ ጥቂት ይሰብስብልሽ። ጉልበቴን ጠይቀሻል፤ እንዳለ ነው፤ እሱ እኔን አልጠየቀኝም።

ደብዳቤሽን ሰጠኝ የሚባለው ነጋዴ ከበቅሎው ኮርቻ ሥር አውጥቶ አቀበለኝ። አነበብሁት፤ ሳቅሁ። ስቄ ስጨርስ አፈርሁ። ገብሬን የያዘው የሚያሳቅቅ እንጂ የሚያስቅ ነገር አይደለም። (ገብሬ የምለው እኔ ታላቅ እህቱ ስለሆንሁ ነው፤ አንቺ መሪጌታ በይ።)

አባታችንም እንዲሁ ነበር። ሌሊት ሌሊት ምሰሶ ተደግፎ ያድር ነበር። እናታችን ፀሐይ ሳትጠልቅ ታበላዋለች፤ ከጠለቀች ወዲያ ከውሃ በቀር አታቀምሰውም። እኛ ልጆቹ ስስት ይመስለን ነበር። ለካ መድኃኒቱ እሱ ኖሯል። በጊዜ የበላ ዕለት እንደ ሕፃን ይተኛል፤ እንግዳ መጥቶ ያመሸ ዕለት ምሰሶው ያስተኛዋል።

ስለዚህ አንዲት ነገር እጠይቅሻለሁ፤ አስተካክለሽ መልሽልኝ። ራቱን በስንት ሰዓት ትሰጪዋለሽ?

በርበሬ አልልክም። ተልባ ልኬያለሁ፤ ቆልተሽ፣ ወቅጠሽ፣ በውሃ አጥልለሽ ስጪው። ደብተሩም ከተልባው ጋር ነው።

የግራዝማች ፈረደ ሰዎች ባለፈው ቅዳሜ መጥተዋል። አራት ሽማግሌ፣ አራት ጋቢ፣ አንድ ቃል። "ልጅቱ ወንድሜን እየጦረች ነው፤ እሷን ባነሣ ሽማግሌ ሰው ጦሙን ያድራል" ብዬ መለስኋቸው። አጎቶችሽ ግን ከእነሱ ጋር ናቸው። እወቂው ልጄ፤ ያለችኝ ምክንያት ይህቺ ብቻ ናት። ወንድሜን ደኅና አድርገሽ የያዝሽ እንደሆነ እስከ ፈተናሽ አቆይሻለሁ። ካልያዝሽው ለሽማግሌ የምመልሰው ቃል የለኝም።

አያትሽ ወለተ ኢየሱስ።


ቢቸና፣ ኅዳር ፳፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለእማሆይ አያቴ፣ ከነጉልበትዎ በሰላም ይቆዩልኝ።

ተልባው ደረሰ። መሪጌታ ጠጡትና "እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰውን በተልባ መግዛት ትወዳለች" አሉ፤ ግን ጽዋውን እስከ አተላው ነው የጨለጡት።

ራታቸውንም በጊዜው እሰጣቸዋለሁ። ምን ሆኜ አልሰጥ!

ወሬ ልንገርዎት። የጓደኛዬ የአስቻለች አባት ራዲዮ ገዝተዋል። ሣጥኑ የዕጣን ሙዳይ ያህላል፤ በውስጡ ግን አዲስ አበባ በሙላው ገብታለች። ማታ ማታ ተረት የሚያወሩ፣ ድራማ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ብቅ እላለሁ። የአስቻለች አባት እንዳይሰረቅ ብለው በሰንሰለት ከምሰሶው ጋር አስረውታል፤ ዜና ሲነገር እስረኛ የሚናገር ይመስለኛል።

የመሪጌታ ቅድስና ደግሞ በዚህ በገና ጾም ብሶበታል። ሴቶቹ ሲመሽ ሲመሽ "ለሚተጉት አባት" እያሉ ምግብ ይልካሉ። አንዷ የተልባ ፍትፍት፣ ሌላዋ ያን በሰናፍጩ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ስልጆ። መሪጌታ እንዴት እምቢ ይበሉ? የሰው እጅ መመለስ ነውር ነው። ባርከው ይበላሉ። የበሉት እሳት ሌሊት ይቀሰቅሳቸዋል፤ ፋኖሱ ይበራል፤ ሴቶቹ ፋኖሱን ያዩና በማግሥቱ ስልጆውን ይጨምራሉ። እንዲህ ያለ መንኰራኩር የሳይንስ መምህራችንም አያውቁት።

እንግዲህ የቅኔ አገር ልጅ ነኝና ዝም ማለት አልቻልሁም። ለክፍል ጓደኞቼ አንዲት ግጥም ሰጠኋቸው፤

ሌሊቱን በሙሉ ፋኖሱ ሲበራ፣
ጸሎት እንዳይመስልህ የሽሮ ነው ሥራ።

ወንዶቹ ሳይቀሩ ለመኑኝና በደብተራቸው ጻፏት። እርስዎም ይሳቁልኝ ብዬ ነው።

ማናለሽ።


ሞጣ፣ ታኅሣሥ ፱ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለማናለሽ።

በረከቱን ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ።

ግጥምሽ ከደብዳቤሽ ቀድሞ ሞጣ ገባ። ሰጠኝ ጉንደ ወይን ገበያ ላይ በቅሎውን ሲጭን ሁለት አህያ ነጂዎች ሲባባሉባት ሰምቶ፣ የማን እንደሆነች ሳያውቅ ደጄ ላይ እየሣቀ ነገረኝ። እኔ ግን ሽሮውን አውቀዋለሁ፤ ፋኖሱንም አውቀዋለሁ።

የአባታችንን ጉሮሮ ጎረቤት አልዘፈነበትም። ከምሰሶው ጋር ተደግፎ ሲያድር እኛ ስምንት ነፍስ ቤት ውስጥ ነበርን፤ አንዳችንም ደጅ አላወጣነውም።

ጥያቄዬን አልመለስሽም። "በጊዜው" ሰዓት አይደለም። ራቱን በስንት ሰዓት ትሰጪዋለሽ?

ወለተ ኢየሱስ።


ቢቸና፣ ጥር ፳ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለእማሆይ አያቴ።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ። የላኩልኝ ደብተር በዚህ አለቀ።

ግጥሟ መሪጌታ ዘንድ ደረሰች። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የቆሎ ተማሪዎች ከቅጥሩ ሥር ሲሏት ሰምተዋል አሉ። ያን ዕለት ቤት ገቡ፤ መቋሚያቸውን አስደገፉ፤ ራት አቀረብሁ፤ በሉ፤ "እግዜር ይስጥልኝ" አሉ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም። ቢቆጡኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን እንደ ልማዳቸው ተነሡ። የክብሪቱን ድምፅ ጠበቅሁ። አልመጣም። በጨለማው ውስጥ ትንሽ ተቀምጠው ቆዩና መልሰው ተኙ። የነቃ ሰው መኖሩ እንዳይታወቅ ነው። ከዚያ ጀምሮ ፋኖሱ አልበራም። ተቀምጠው የሚያቀልሉትን ተጋድመው ያዙት። ሌሊት ሲያስላቸው፣ ሲያንቃቸው፣ ሲውጡ እሰማለሁ።

"መሪጌታ፣ ፋኖሱን ላብራልዎት?"

"አይ፤ ተኝቻለሁ።"

ተኝቶ የሚመልስ ሰው! ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህች አንድ ሳምንት እስቅባት ነበር።

ገና ሲያልፍ ድምፃቸው ጎረነነ። ብርድ ነው አሉ። የጥምቀት ዋዜማ ማታ ከታቦቱ ጋር ወረድን። ሕዝቡ ጢም ብሏል፤ መሪጌታ መቋሚያቸውን አንሥተው ከመካከል ቆሙ፤ አፋቸውን ከፈቱ። ድምፁ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ ብሎ ቀረ። ሁለተኛ ሞከሩ። አየር ብቻ ወጣ። ሰው ሁሉ እግሩን እግሩን አየ። ከዚያ ከበስተግራ የቆመው ጎልማሳ ተቀብሎ መራው። መሪጌታ እስኪነጋ በመቋሚያቸው ምድሩን እየመቱ ቆሙ። ማኅሌቱ ላይ የነበራቸው ድምፅ የእንጨቱ ብቻ ነበር።

እትዬ ፈንታነሽ ትናንት አጥሩ ላይ ጠሩኝ። "ፋኖሱ ለምን ጠፋ?" አሉኝ። "ግጥምሽን ሰምቻለሁ" አሉ፤ አልተቆጡም። "የሽሮ ነው ትያለሽ። ይሁን። እኔ እኮ የነቃ ሰው አለ ብዬ ነበር የምተኛው። ልጄ ሌሊት ሲያቃስት፣ ከአጥሩ ወዲያም አንድ የነቃ አለ እል ነበር። አሁን ብቻዬን ሆንሁ።"

እማሆይ፣ ለድምፅ የሚሆን መድኃኒት ካለ ይላኩልኝ። ማርም ቢሆን፣ ሥርም ቢሆን። ደብተር አልፈልግም።

ማናለሽ።


ሞጣ፣ የካቲት ፭ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለማናለሽ።

ማር ልኬያለሁ። ማር ግን ጉሮሮን ያለሰልሳል እንጂ ከሥር የሚነደውን አያጠፋም።

ሦስት ደብዳቤ ጽፈሽልኛል። ስለ ራዲዮ ነግረሽኛል፣ ስለ ስልጆ ነግረሽኛል፣ ስለ ጎረቤት ነግረሽኛል። የጠየቅሁሽን አልነገርሽኝም። የአባቴ ልጅ ነኝና ያልተመለሰ ጥያቄ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ሆኖም ከራስሽ እጅ ማንበብ እፈልጋለሁ።

አጎትሽ ነጋዴውን ሰጠኝን በሁለት በቅሎ ልኮ ሊያስመጣሽ ተነሥቶ ነበር። "መልሷን ልጠብቅ" ብዬ አቆምሁት። ምን እንደምጠብቅ አልነገርሁትም።

ወለተ ኢየሱስ።


ቢቸና፣ የካቲት ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለእማሆይ ወለተ ኢየሱስ።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። አንዳንዴም ሦስት ተኩል።

ይኸው ጻፍሁት። ለአራት ወር ከጉሮሮዬ ሥር የተቀመጠው ይህ ነው።

"አንዳንድ ቀን ብቅ እላለሁ" ያልሁዎት ውሸት ነው። በየቀኑ ነው። ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ እነአስቻለች ቤት እገባለሁ። ድራማው እስኪያልቅ፣ ከዚያ ዘፈኑ፣ ከዚያ ዜናው። ተሯሩጬ ቤት ስደርስ መሪጌታ በጨለማ በበሩ መድረክ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። "ራበዎት?" ስል "ኧረ አልራበኝም፤ ትምህርቱ እንዴት ነበር?" ይላሉ። እሳት አያይዤ፣ ሽሮውን ቶሎ እንዲጣፍጥ በርበሬ አብዝቼ፣ እስካቀርብ ሦስት ሰዓት ያልፋል። በልተው ወዲያው ይጋደማሉ፤ ለኪዳን ማልደው መነሣት አለባቸዋ። እኔ ነኝ እንግዲህ። ሽሮው ብቻ አይደለም፤ ሽሮውን የሠራችው ናት።

ይህን ያወቅሁት ግን ትናንትና ነው። ከዚያ በፊት አላወቅሁም ብል ደግሞ ይህም ሌላ ውሸት ይሆናል። የእርስዎን ጥያቄ ባነበብሁ ቁጥር ቶሎ አጥፌ አስቀምጠው ነበር።

ትናንት እየጎተትሁ ጤና ጣቢያ ወሰድኋቸው። ድሬሰሩ ጉሮሯቸውን በባትሪ አየ፣ ሆዳቸውን ዳበሰ፣ እርሳሱን አነሣና፣

"አባቴ፣ ራትዎን በስንት ሰዓት ነው የሚበሉት?" አላቸው።

እማሆይ፣ የእርስዎ ጥያቄ! ከሞጣ ደብዳቤ ውስጥ አጥፌ ያስቀመጥሁት ጥያቄ ነጭ ካፖርት ለብሶ ቢቸና ጠበቀኝ። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ አልሁ። መሪጌታ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ በዚያ በተሰነጠቀ ድምፃቸው፣

"በአሥራ አንድ ሰዓት። ፀሐይ ሳትጠልቅ። ልጅቱ ጠንቃቃ ናት" አሉ።

ድሬሰሩ ጻፈው። ግራ ገባው፤ የሚታኘክ ነጭ ኪኒን ሰጥቶ ሸኘን። እስከ ገበያው ድረስ ኪኒኑን ይዤ ተከተልኋቸው። ከዚያ አልቻልሁም።

"ለምን ዋሹ?"

"መቼ ዋሸሁ?"

"አሥራ አንድ ሰዓት አሉ።"

"አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይርበኛል። ያው ነው።"

"መሪጌታ!"

ቆሙ። መቋሚያቸውን ምርኩዝ አድርገው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ስሚ ልጄ። ቃር ነው ያልሁ እንደሆነ፣ 'ማን ነው የሚያበላው?' ይባላል። ወሬው ሞጣ ይደርሳል። እህቴ ትወስድሻለች፤ ሽማግሌዎቹም ደጅ ላይ ናቸው። ጸሎት ነው ያልሁ እንደሆነ ግን ማንም ምንም አይጠይቅም። ሰው ጸሎትን አይመረምርም።"

"ለምን እኔን አልተቆጡኝም? 'ቶሎ ነይ' ማለት ነበር እኮ!"

"እንዴት ልበል? ራበኝ ብዬ የሰው ልጅ ላዝዝ? ሚስቴን እንኳ አንድ ቀን ራበኝ ብያት አላውቅም፤ እሷ ታውቅ ነበር።" መቋሚያቸውን አንሥተው መንገዱን ቀጠሉ። "ደግሞ ከዚያ ራዲዮ ቤት ስትመጪ ፊትሽ ይበራል።"

"ድምፅዎስ?"

"ሃምሳ ዓመት ጮኼበታለሁ። አንቺ ስምንተኛን መች ጨረስሽ?"

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ወደ ድሬሰሩ ቤት ተመልሼ እውነቱን ነገርሁት። ከበሉ በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ሳይጋደሙ ይቆዩ፣ በርበሬና ስልጆ ይቀንሱ፣ የአልጋው ራስጌ ከፍ ይበል አለ። የተሰበረውን የወፍጮ መጅና አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከራስጌው እግሮች ሥር አስገባሁ። መሪጌታ አልጋውን አይተው፣ "ቁልቁል ተንሸራትቼ ደጅ እንዳልወጣ በገመድ እሰሪኝ" አሉ። ስለ ድምፃቸው ድሬሰሩን ጠይቄው ነበር። "ቀድመሽ ብታመጫቸው ኖሮ" ብሎ የቀረውን ተወው።

ዛሬ ቅበላ ነው፤ ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። በመጪው ሳምንት ሰጠኝ ይመለሳል። በቅሎዎቹን ቢልኩም ቅር አልልም። ከእኔ የተሻለች ሴት ግን ለመሪጌታ ይፈልጉላቸው።

ማናለሽ።


ሞጣ፣ ሚያዝያ ፩ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለልጄ ለማናለሽ።

ከዚህ ጾም በደኅና የሚያወጣ አምላክ አንቺንም ከያዘሽ ነገር ያውጣሽ። ይህ ምርቃት ነው፤ በታኅሣሥ ያስቀረሁብሽ ዕዳዬ ነበር።

ከወር በላይ ዝም ያልሁሽ ተቆጥቼ መስሎሽ ይሆናል። ተቆጥቼስ ነበር፤ በማን እንደሆነ ለማወቅ ነው ይህን ያህል የፈጀብኝ።

የገብሬ ሚስት የሞተች ጊዜ፣ ሐዘንተኛው ሲበተን፣ "እህቴ፣ እዚሁ ቅሪልኝ" ብሎኝ ነበር። ልብሴን ይዞ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ቀስ ብሎ። ራበኝ ብሎ የማያውቅ ሰው ያን ለማለት ምን ያህል እንደከበደው አውቃለሁ። እኔ ቆቤን ምክንያት አደረግሁ፤ ገዳሜ፣ ጉልበቴ፣ ሞጣን የለመደ እግሬ አልሁ። የአባቱን ሕመም የማውቅ እኔ ነበርሁ። ፀሐይን አይቶ ራት ማቅረብ የማውቅ እኔ ነበርሁ። በእኔ ፋንታ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ላክሁ፤ ከዚያም እዚህ ተቀምጬ "በስንት ሰዓት?" እያልሁ እጠይቃለሁ። መጠየቅ ቀላል ነው። ለማቅረብ ግን መገኘት ያስፈልጋል።

አሁን የሽማግሌዎቹን ስሚ። ከቅበላ በኋላ ባለው ቅዳሜ አራቱም መጡ። አጎትሽ በፊታቸው፣ "ከእንግዲህ ምን ምክንያት አለዎት?" አለኝ። ደብዳቤሽን ከትራሴ ሥር አወጣሁና አነበብሁላቸው። ሁሉንም አይደለም። "ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ አንዳንዴም ሦስት ተኩል" የምትለዋን ሁለት ጊዜ አነበብሁ። "ሽሮውን በርበሬ አብዝቼ" የምትለዋንም ጨመርሁ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው፣ የልጁ አጎት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "ግራዝማችም እኮ ሌሊት ሌሊት ቁጭ ብለው ነው የሚያድሩት" አለ። "እንግዲያስ" አልሁ፣ "ልጄን ልስጣችሁና ግራዝማችን ቅበሩ።" ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። እስካሁን አልተመለሱም።

ሳቅሁ። ግን እንደ መጀመሪያው ደብዳቤሽ ነው፤ ስጨርስ አፈርሁ። ሙያ የላትም ብዬ ስምሽን በሞጣ አጠፋሁት። ስምሽ በሰኔ ይመለሳል። የወንድሜ ድምፅ ግን በየትኛውም ወር አይመለስም፤ እሱን አንቺም እኔም እንካፈለዋለን።

በቅሎ አልልክም። ፈተናሽን ውሰጂ። ደብተር ደብዳቤውን በያዘው ሰው ልኬያለሁ፤ አራት ነው፤ ለመቅደጃም እንዲሆንሽ።

ስለ ራቱ ከእንግዲህ አልጠይቅሽም።

አያትሽ ወለተ ኢየሱስ።


ቢቸና፣ ግንቦት ፳፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለእማሆይ አያቴ፤ የትንሣኤው ደስታ ከጉልበትዎ ጋር አይጣላ።

ሽማግሌዎቹን ላባረረች ሽሮዬ ምስጋና ላቀርብ ብዬ ነበር፤ መሪጌታ "ዝም በይ፣ ሽሮዋ እንዳትሰማሽ" አሉኝ።

መሪጌታ ይተኛሉ። ከራት በኋላ ደጅ ወጥተን አጥሩን እንዞራለን፤ ከዚያ መድረኩ ላይ ተቀምጠው ትምህርቴን ያስነግሩኛል። ስለ ዓባይ ርዝመት ነግሬያቸው "ማን ለካው?" አሉ። ሲመሽ ወደዚያ እንደ ኮረብታ ያዘነበለ አልጋቸው ይወጣሉ። አንዳንድ ሌሊት ቃሩ ይመጣል፤ ፋንታውን ሳይወስድ የማይሄድ እንግዳ ነው። ብዙውን ሌሊት ግን እስከ ዶሮ ጩኸት ያንኮራፋሉ። ማንኮራፋቱም ዜማው ጠፍቷል፤ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ ነው የሚያንኮራፉት።

በፋሲካ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ከሴቶቹ በኩል ቆሜ አየኋቸው፤ ከጎልማሳው ጀርባ ነው የቆሙት፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሕዝቡ ሁሉ እልል ሲል እኔ የጎደለውን ድምፅ ብቻ ሰማሁ። ያችን ግጥም የምትሽር ሌላ ግጥም ጽፌ ለክፍሉ ልጆች ሰጥቼ ነበር። አንድም ሰው አልያዛትም። ክፉ ግጥም በበቅሎ ይሄዳል፤ የንስሐ ግጥም ከደጅ አይወጣም።

ሌሊት የማልተኛው አሁን እኔ ነኝ። ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ፋኖሱን ለኩሼ ሒሳብ እሠራለሁ። የመጀመሪያው ሌሊት መብራቱን ከግድግዳው ሥር ሸሽጌ አስቀምጬው ነበር። መሪጌታ ከአልጋው ላይ ሆነው፣ "ወደ መስኮቱ አድርጊው" አሉ።

"ሰው እርስዎ የሚጸልዩ ይመስለዋል እኮ።"

"ይምሰለው። አንቺ ብቻ ከሒሳቡ በፊት ለፈንታነሽ ልጅ አንዲት መዝሙር ድገሚ። ያን ጊዜ ውሸት አይሆንም።"

እንዲሁ አደርጋለሁ። በማግሥቱ እትዬ ፈንታነሽ አጥሩ ላይ ቆመው፣ "መሪጌታ ተመልሰው ነቁ?" አሉኝ። አፌ ላይ የመጣውን ያውቁታል፤ ያውቁኛልና አያቴ። ዋጥሁት። "የነቃ ሰው አለ" አልኋቸው። ይህ በቃቸው፤ መቃኑን ተሳልመው ሄዱ።

ይህን ስጽፍ መሪጌታ "ወረቀቱን ስጪኝ" ብለው እጃቸውን ዘርግተዋል። ከሥር ያለው የእሳቸው እጅ ነው።

ማናለሽ።


እህቴ ሆይ፤

ራቴን በልቻለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ነው። የዛሬው እውነት ነው።

ወንድምሽ ገብሬ።